በዓሉ የኛ፣ ፍርሃቱ የነርሱ



የ2014 ዓ.ም አረፋ የዋለው ሐምሌ 2 ቀን ነበር። ቆቦ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከዘለቀው የጦርነት ወራት ከወጣች ገና ሰባት ወሯ ነው። ክረምቱ ገብቷል፤ የዞብል ተራራ ጉም ለብሷል፤ ሜዳው ላይ ማሽላው ብቅ ብሏል። ያለፈውን ዓመት እያስታወሰ ሰው ሁሉ "አልሐምዱሊላህ፣ ለዚህም በቃን" እየተባባለ ነበር የሚዘያየረው። በበዓሉ በሦስተኛው ቀን፣ መግሪብ ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ፣ ከኛ ሁለት አጥር አልፎ ካለ ቤት ሙሽራ ገባ። ሙሽራ ሲገባ በኛ አገር ምን እንደሚደረግ የራያን ቆላ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ተተኮሰ። አንድ ሁለቴ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ካርታው እስኪያልቅ ነው የተተኮሰው።

ነብሮ የምንለው ጠባቂ ውሻ አለን። ያን ምሽት በሩ አጠገብ ካለ ግንድ ላይ በገመድ ታስሮ ነበር። በመጀመሪያው ተኩስ መሬት ላይ ተለጠፈ፤ በሦስተኛው ገመዱን በጥሶ፣ የእሾህ አጥሩን ዘሎ ጨለማው ውስጥ ገባ። ውሮ የምንላት ድመታችን ጓዳ ካለው ጎታ ኋላ ተወሸቀች፤ ወተት ቢቀርብላትም እስከ ማግስቱ ዙሁር ድረስ አልወጣችም። የስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ደግሞ አልጋ ሥር ነው የተገኘው። እናቴ እሱን እያባበለች ስታወጣው ወደኔ ዞር ብላ፣ "ልጄ፣ ይኼ ሕፃንና ያ ውሻ ሰርጉን ከጦርነቱ በምን ይለዩት?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ነብሮን በአራተኛው ቀን ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር አገኘነው። የተበጠሰው ገመድ አንገቱ ላይ ጠብቆ ቆዳውን በልቶት ነበር። ጅብ ሳይበላው መትረፉ የአላህ ሥራ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የእናቴ ጥያቄ ነው። በክረምት ወራት በዓላት ይደራረባሉ። ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም በተከታታይ አረፋ በሰኔና በሐምሌ ነው የዋለው። ነሐሴ 13 የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቡሄ አለ፤ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የራያ ልጃገረዶች ሶለል አለ፤ መስከረም 1 ደግሞ እንቁጣጣሽ ነው። በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ለእንዲህ ያለው ቀን ርችት መተኮስ ከተለመደ ቆይቷል። በኛ በኩል ጠመንጃው፣ ጅራፉ፣ ሕፃናቱም በቁልፍ ቀዳዳ ክብሪት ጠቅጥቀው በምስማር የሚያፈነዱት አለ። ሰማዩም የበኩሉን ነጎድጓድ ይጨምርበታል። ለሰው የደስታ ወራት የሆነው ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ላለው እንስሳ የሽብር ወራት ነው።

የነርሱ ጆሮ

የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚነዝርን ድምፅ ይሰማል። የውሻ እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል፤ የድመት ደግሞ ከ60,000 ያልፋል። ድመት ገለባ ውስጥ የተደበቀችን አይጥ ሳታይ የምታገኘው በዚህ ጆሮዋ ነው። የድምፁን ኃይል በተመለከተ ደግሞ ተራ ጭውውት 60 ዴሲቤል ያህል ሲሆን፣ የጠመንጃ ተኩስ በቅርብ ላለ ጆሮ ከ140 ይበልጣል። ይህ የሰውን ጆሮ እንኳ የሚጎዳ ነው።

ዳሩ ግን እንስሳን የሚያሸብረው የድምፁ ትልቅነት ብቻ አይደለም፤ ድንገተኛነቱ ነው። ድቤ ሲመታ ሌሊቱን ሙሉ ይመታል፤ የሶለል ልጃገረዶችም ከበሮ ከቤት ቤት ይዞራል። ላሟም ውሻውም ጥቂት ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጡና ይተዉታል፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣና እንደሚቀጥል ያውቁታልና። ተኩስ ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ቀጥሎ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም። ጅራፍም ከዚሁ ወገን ነው። የጅራፍ ጫፍ የሚጮኸው ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚወረወር ነው፤ ጥይት አየሩን ሲሰነጥቅ የሚሰማው ድምፅም በዚሁ መንገድ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ አንድ ውሻ የቡሄን ጅራፍ ጥይት ነው ብሎ ቢያስብ ሞኝ አንበለው።

ደግሞስ ይህን ከኛ ከራዮች የበለጠ ማን ያውቃል? ማሽላ ሲያሽት ልጆቻችንን ማማ ላይ አውጥተን በጅራፍና በወንጭፍ ግሪሳ የምናባርር እኛ ነን። ድንገተኛ ድምፅ ነፍስ ያለውን ፍጡር ከእህሉ ላይ እንደሚያስነሣው፣ ከጎጆው እንደሚያሰድደው በእርሻችን ላይ ስንጠቀምበት ኖረናል። ማሳ ላይ ጠላት የምናባርርበትን መሣሪያ ግቢያችን ውስጥ በወዳጆቻችን ላይ ስናውለው ነው ነገሩ የሚገርመው።

ስለ ወፍ ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. የ2010 የመጨረሻዋ ሌሊት ላይ በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት ቢብ በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። ለአዲሱ ዓመት ርችት ሲተኮስ ዛፍ ላይ ያደሩ ወፎች በድንጋጤ ተነሥተው በጨለማ ከቤትና ከዛፍ ጋር እየተላተሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞተው ተገኙ። በዚያው አገር ከነጻነት በዓላቸው ማግሥት፣ ሐምሌ 5 እንደ እነርሱ አቆጣጠር፣ የባዘኑ ውሾችን የሚቀበሉ ማቆያዎች እንደሚጨናነቁ በየዓመቱ ይነገራል። ስለዚህ ነገሩ የራያ ብቻ አይደለም።

የምናውቀው አደብ

አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ የተቀዳላቸውን ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘንብለው እንዳጠጧት፣ በአጠገባቸው የነበረችው ሴት ስትገረም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመትን በዙሪያችን ከሚመላለሱት የቤት ነዋሪዎች እንደቆጠሯት እንደነገሯት መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ሰምቶታል። ጫጩቶቿ ተወስደውባት ክንፏን እያራገበች የመጣችውን ወፍ ነገር ደግሞ አቡ ዳውድ ዘግበውታል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው ጫጩቶቿ እንዲመለሱላት አዘዙ። እኔን ከዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ያቺ ወፍ አልቆሰለችም፤ የደረሰባት ጭንቀት ብቻ ነበር። ጭንቀቷ ግን ጫጩቶቿን ለማስመለስ በቂ ሆኖ ተገኘ።

ውሻን በተመለከተ ለከብት፣ ለእርሻና ለአደን መያዙ የተፈቀደ መሆኑ የታወቀ ነው። በኛ ቆላ ጅብና ቀበሮ ባለበት፣ በረት የሌለው ገበሬ በሌለበት አገር፣ ውሻ ለትርፍ የሚያዝ ነገር አይደለም። ሌሊቱን እኛ ተኝተን እሱ ቆሞ ያድራል። ቢያንስ በበዓል ማታ የእሱን ተራ ብንጠብቅለት አይበዛበትም።

ከበዓሉ በፊት

ዝግጅቱ የሚጀመረው በዋዜማው ነው። ሰርግ ያለበትን ቤት፣ ጅራፍ የሚጮህበትን ሜዳ አስቀድሞ ማወቅ የግማሹን ያህል ይረዳል።

ውሻውን ፀሐይ ሳትበረታ ወይም ዐሱር ላይ አውጥቶ ማንሸራሸር፣ ማራትን ከመግሪብ በፊት መስጠት ይገባል፤ የደከመና የጠገበ ውሻ ቶሎ ይተኛል። በኛ ቤት ውሻን ሶላት ወደሚሰገድበት ክፍል ማስገባት አይቻልም፤ ስለዚህ የማገዶ ቤቱን ወይም የዕቃ ቤቱን አንድ ጥግ እናዘጋጅለታለን። ሦስት ጎኑ የተከለለ፣ ጨለም ያለ፣ አሮጌ ጆንያ የተነጠፈበት ቢሆን ይወደዋል። የውጭ አገር መጻሕፍት በርና መስኮቱን ሁሉ ዝጉ ይላሉ። ለነርሱ ልክ ነው። ቆቦ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር እንኳ በቅጡ የማትሞላ ቆላ ናት፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አየር ሳይኖር የተዘጋበት ውሻ ከተኩሱ ይልቅ ሙቀቱ ይገድለዋል። አየር የሚገባበት ቀዳዳና የተሞላ የውሃ ገበቴ ይኑረው።

የግድ መታሰር ካለበት አንገቱን እየጠበቀ የሚሄድ ሸምቀቆ አይደረግለት፤ የነብሮን አንገት የበላው እሱ ነው። ሰፊ የቆዳ ማነቂያ ይደረግለትና ሰንሰለቱ መደበቂያው ድረስ የሚያስገባው፣ አጥሩን ግን የማያዘልለው ርዝመት ይኑረው። አጥር ዘሎ በሰንሰለቱ ተሰቅሎ የቀረ ውሻ አይቻለሁና።

ድመት ከውሻ ትለያለች። መጠለያዋን ራሷ መርጣለች፤ የእኛ ሥራ መንገዱን ክፍት መተውና አለመጎተት ነው። ጎታ ኋላ ብትገባ ጎታ ኋላ ትቆይ። ሕፃናት ሊያሳዩዋት ብለው እግሯን ይዘው እንዳያወጧት መንገር ያስፈልጋል፤ የፈራች ድመት የወደደችውን ልጅ እንኳ ትቧጭራለች። ምግቧን፣ ውሃዋንና አሸዋ የተደረገበት ዕቃ በአቅራቢያዋ አስቀምጦ መተው ነው።

ራዲዮ ዝግ አድርጎ መክፈት ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ያለሰልሰዋል። አንዳንድ ሰው በስልኩ ቁርኣን ከፍቶ ለእንስሳቱ ትቶ ይሄዳል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰሚ ሰው በሌለበት ቁርኣን ከፍቶ መሄድ ከአደቡ አይመስለኝም። ለነርሱ የራዲዮ ወሬ ይበቃቸዋል።

ተኩሱ ሲጀመር ውሻውን መቆጣት ወይም መምታት ፍርሃቱን ያባብሰዋል። በአንጻሩ "ካባበልከው ፍርሃትን ትለምድበታለህ" የሚባለው ነገር ትክክል እንዳልሆነ የእንስሳት ባለሙያዎች ዛሬ ይናገራሉ። አጠገቡ ተቀምጦ በተለመደው ድምፅ ማናገር አይጎዳውም። እንስሳ ፊታችንን ያነባል፤ እኛ ከደነገጥን እሱም ይደነግጣል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ የሰው መድኃኒት አትስጧቸው። "ያስተኛዋል" ተብሎ ከቤት የተገኘ ክኒን የሚሰጥበት ጊዜ አለ። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ብቻ ድመትን ሊገድል ይችላል። ፍርሃቱ ከልክ ያለፈበት እንስሳ ካለ በዓሉ ከመድረሱ በፊት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስዶ ባለሙያ ማማከር ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ማለማመድ ነው። የጅራፍ ወይም የተኩስ ድምፅ በስልክ ቀርጾ፣ በጣም ዝቅ አድርጎ እያሰሙ፣ በዚያው ቅጽበት ደስ የሚለውን ምግብ መስጠት። ውሻው ጆሮውን እንኳ ሳይቀስር መብላት ሲጀምር በሚቀጥለው ቀን ድምፁን ጥቂት ከፍ ማድረግ። ሳምንታት ይፈጃል፤ ትዕግሥት ላለው ግን ይሠራል።

በረቱና ቆጡ

የፈራች ላም ወተቷን ትይዛለች። ይህ እልኸኝነት አይደለም፤ ድንጋጤ በሰውነቷ የሚለቀው ቅመም ወተቱን ወደ ጡት የሚያወርደውን ቅመም ስለሚያግደው ነው። በበዓል ማታ የምትታለብ ላም ካለች ተኩሱ ሳይጀመር ማለብ፣ ካልሆነም እስክትረጋጋ መቆየት ይሻላል። ከብቶቹን ነጣጥሎ ከማሰር በአንድ በረት ማቆየት ያረጋጋቸዋል። የራያ በሬ ቀንዱ ረጅም መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ በድንጋጤ ሲዞር አጠገቡ ያለ ሕፃን ወይም ጥጃ ቢኖር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

አህያ ሰውን ታሳስታለች። ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል፤ አህያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደርቃ ትቆማለች። "አልፈራችም" እንላለን። ፈርታለች። ከጓደኛዋ ጋር ብትታሰር ይሻላታል። ዶሮዎች ደግሞ በድንጋጤ አንድ ጥግ ላይ ይደራረቡና የታችኞቹ ታፍነው ይሞታሉ፤ ቆጣቸውን ጨለማ ማድረግና ማጨናነቅን መተው ይገባል።

የአረፋው በግ የብቻው ጉዳይ ነው። ከገበያ መጥቶ ሁለት ሦስት ቀን ግቢ ውስጥ ታስሮ ይቆያል፤ ልጆች ይወዱታል፤ ልጆች ደግሞ ክብሪታቸውን የሚያፈነዱት እሱ ባለበት ግቢ ነው። ቢላ በፊቱ እንዳይሳል የታዘዝንለት እንስሳ ሦስት ቀን ሙሉ ሲሸበር መዋሉን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ለሴቶቻችንም አንድ ነገር ልጨምር፤ ተሸብሮ የታረደ እንስሳ በጡንቻው ያከማቸውን ስኳር አስቀድሞ ስለሚጨርስ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል።

የፈራና ያበደ ውሻ

ከዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ከባድ ጉዳይ አለ። ከተኩስ ሌሊት በኋላ የባዘነ ውሻ ያለከልካል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ዐይኑ ይፈጣል። ሰው ያየውና "አብዷል" ብሎ በድንጋይ ይጨርሰዋል። ባለቤቱ እየፈለገው የነበረ ጤነኛ ውሻ እንዲሁ ይሞታል። ሆኖም የተገላቢጦሹም አደገኛ ነው፤ "ፈርቶ ነው" ብሎ የማያውቁትን ውሻ መጠጋት አይገባም። ባለቤት ያለው ከሆነ ባለቤቱ ይጠራ፤ ከሌለው ከሩቅ መተው ነው።

የነከሰ እንደሆነ ፈርቶም ይሁን ታሞ ሕጉ አንድ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ቅጠልም ሆነ በርበሬ አለማድረግ፣ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄዶ የክትባቱን ነገር መጠየቅ። ውሻው ከተያዘ ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል እንጂ ወዲያው አይገደልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ብቻ ነው። የራሳችንን ውሻ በየዓመቱ ማስከተብ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል።

ከአጥር ማዶ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ድምፁ ከመጣ በኋላ መጠለያ ስለማበጀት ነው። ድምፁን ራሱ መቀነስስ? በጣሊያን ኮሌኪዮ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 ድምፅ አልባ ርችት ብቻ እንዲተኮስ ወስናለች። በኢኳዶር የጋላፓጎስ ደሴቶችም በ2018 መጨረሻ የሚጮህ ርችትን ከልክለው ብርሃኑን ብቻ ፈቀዱ። ለወፍና ለኤሊ ሲባል ነው ይህ የተደረገው።

በአገራችንም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። ዳሩ ግን ሰርግ የሚደገሰው ሰፈር ውስጥ ስለሆነ እኔ ተስፋ የማደርገው በጎረቤት ምክር ነው። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ እንደሚወርድ፣ ሲወርድም የሰው ራስ እንደሚያገኝ ማንም ያውቃል። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ሌላም ነገር ተጨምሯል። በ2015 ትምህርት ስንጀምር፣ ነፋስ በሩን ሲያላትመው ከዴስክ ሥር የሚገቡ ተማሪዎች ነበሩኝ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ጦርነቱ እንደገና ሲቀሰቀስ ከነቤተሰባቸው በእግራቸው የወጡ ልጆች ናቸው። በበዓል ማታ ስንተኩስ የምናስደነግጠው ውሻውንና ድመቷን ብቻ አለመሆኑን ከዚያ ክፍል ተማርኩ።

በ2016 ክረምት ለቡሄ ጅራፍ የሚያጮሁትን የሰፈሬን ልጆች አነጋገርኳቸው። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጆች ናቸው፤ በኛ ሰፈር ጅራፍ ሃይማኖት አይጠይቅም። "ተው" አላልኳቸውም፤ የልጅነቴን ጅራፍ ረስቼ ተው ማለት አይቻለኝም። ከበረትና ከሕፃን ቤት ራቅ ብለው ሜዳው ላይ እንዲያጮሁ ነው የለመንኳቸው። "እሺ ጋሼ" አሉ፤ አደረጉትም። ሰርግ የሚደግሱት ጎረቤታችን ደግሞ ሌላ ልጃቸውን ሲድሩ ባለቤታቸውን ልከው ነገሩን። "ትንሽ ሊተኩሱ ነው፤ ከብቱን አስገቡ" አሉን። ጨርሰው አልተዉም። ያም ቢሆን አስቀድሞ መነገሩ ብዙ ነው፤ እኛም ላሟን በጊዜ አለብን።

ነብሮን ለሚጠይቁኝ ልንገር። በነሐሴ 2014 ከቤት ስንወጣ ፈትተነው ነበር የሄድነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ስንመለስ ግቢው ውስጥ አገኘነው፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። አሁን አርጅቷል፤ ጆሮውም ደክሟል። በ2017 የቡሄ ማታ ጅራፉ ሲጮህ ከተኛበት ጆንያ ላይ ቀና እንኳ አላለም። ውሮ ግን ገና ዐሱር ሳይሰገድ ጎታው ኋላ ገብታ ነበር።